ግዝቱ ያልጠራው እህል

ሆሳዕና ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ የእትዬ አበራሽ አረቄ ቤት አለ። አረቄዋ ምን እንደሚመስል ላልቀመሰ ሰው ማስረዳት ስለሚከብድ አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። ጓሮዋ ውስጥ አረቄው የሚወርድበት ሸምበቆ ሲያንጠባጥብ በላይ የምታልፍ ወፍ ካለች፣ ዞር ብላ ትመለስና አጥሩ ላይ ተቀምጣ ወደ ዱራሜ የሚወስደውን መንገድ ትጠይቃለች። ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ። አላየሁም የሚል ሰው ካለ፣ ያን ቀን አልነበረም ማለት ነው።

የቤቱ ሰዎች ብዙ ነበርን፤ ለዚህ ወሬ የሚያስፈልጉት ግን ጥቂት ናቸው። እኔ አለሁ፤ የእህል ደላላ ነኝ፣ በሳምንት አንድ ቀን ፎንቆ ገበያ እወርዳለሁ። አቤሴሎም አለ፤ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፍ ራፖር ጸሐፊ ነው፣ ለከሳሽም ለተከሳሽም በአንድ ጠዋት ጽፎ ሁለቱንም ያስለቅሳል። ከሁላችንም በላይ ደግሞ ጋሽ ወልደኪዳን አለ፤ ጡረታ የወጣ አስተማሪ።

ጋሽ ወልደኪዳን የቤቱ ምላስ ነበር። አዲስ አረቄ ሲወርድ እሱ ሳይቀምስ ማንም አይቀምስም፤ ተፈራርመን አይደለም፣ እንዲያው ሆኖ ቀረ። መለኪያዋን አፍንጫው ስር ያዞራትና ዓይኑን ይጨፍናል። «የፎንቆ ስንዴ ነው» ይላል። አበራሽ ትስቃለች፤ ትክክል ነው ማለት ነው። «ከመንገዱ በላይ ካለው ማሳ።» አሁንም ትስቃለች። አንድ ጊዜማ «ይሄን ያጨዱት ባልና ሚስት ተኳርፈው ነበር» ብሎ፣ እኔ ፎንቆ ወርጄ ባጣራ ሚስትየዋ ለካ አባቷ ቤት ሄዳ ኖሯል።

እንግዲህ አንድ ክረምት ይሄ ሰው ከዚሁ ቤት ሲመለስ ቦይ ውስጥ ወደቀ። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ የሚሄድ ሕዝብ ሁሉ በተራ እያየው አለፈ። ካለፉት አንዱ የንስሐ አባቱ መምሬ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። በዚያው ሳምንት ጠርተው ገዘቱት።

ለሌላ ሰው ቢሆን «አረቄ አትጠጣ» ማለት ይበቃ ነበር። መምሬ ግን የሰውዬውን ጠባይ ያውቁታል። «ስንዴ ብልህ ወደ ገብስ ትሄዳለህ፤ ገብስ ብልህ በቆሎ ታስጠምቃለህ» አሉና፣ ከስንዴ፣ ከገብስ፣ ከበቆሎ፣ ከማሽላ፣ ከዳጉሳ፣ ከጤፍ፣ ከአጃ፣ ከእነዚህም ዘር የወጣ አረቄ ባፉ እንዳይዞር አሰሩት። ሌላ የቀረ እህል ያለ አልመሰላቸውም። እኛም አልመሰለንም።

ለፋሲካ ይፈቱታል ብለን ነበር፤ እሳቸው ግን ፋሲካ ሳይደርስ አረፉ። ግዝት ደግሞ ያሰረ ነው የሚፈታው። ሌላው ቄስ ሲጠየቁ «የሞተ ሰው ያሰረውን እኔ ምን ብዬ ልፍታ? ሀገረ ስብከት ሂድ» አሉ። ጋሽ ወልደኪዳን «እኔ አስተማሪው ሰውዬ ጳጳስ ፊት ቆሜ ስለ አረቄ ልናገር?» ብሎ ቀረ።

ቀረ ስላችሁ ወደ ሀገረ ስብከቱ ነው እንጂ ወደ አበራሽ ቤት መምጣቱንስ አልተወም። ሚስቱ ሞታለች፣ ልጆቹ አዲስ አበባ ናቸው፤ «ጋሼ፣ ዛሬስ እንዴት ዋልክ?» የሚለው ሰው ያለው እዚያ ብቻ ነው። ይመጣል፣ ሚሪንዳ ይከፈትለታል፣ ይቀመጣል። እኛ መለኪያችንን ስናነሳ ዓይኑ አብሮ ይነሳል፤ ስናወርድ አብሮ ይወርዳል። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ እንዲህ እየታየ ማን ይጠጣል? አቤሴሎም ወደ ግድግዳው ዞሮ መጠጣት ጀመረ። እኔ አንድ ቀን ብርጭቆዬን በኮፍያዬ ከልዬ ልጠጣ ስል ኮፍያዬ ላይ ፈሰሰ፤ ኮፍያው ሰክሮ ሁለት ቀን ራሴ ላይ አልቀመጥ አለ።

አንድ ቅዳሜ ጋሽ ወልደኪዳን «ከእንግዲህ ባልመጣ ይሻላል። እናንተንም ከለከልኳችሁ» አለን።

አበራሽ የያዘችውን ጠርሙስ ደረቷ ላይ አስጠግታ «አንተ ካልመጣህ ለማን ነው የማወጣው?» አለችው። «ለእነዚህ? ለእነዚህ ላምባ ብቀዳላቸውም ‹ዛሬ ጠንክሯል› ብለው ይጠጣሉ።»

«ታዲያ ምን ይሁን?» አላት።

አቤሴሎም ብዕሩን ከጆሮው ላይ አወረደ። ብዕሩን ካወረደ ነገር አግኝቷል ማለት ነው። «መምሬ የጠሩትን ጠርተዋል» አለ። «ያልጠሩትን አልጠሩም። ያልተጠራ አልታሰረም።»

ፍለጋው እንዲህ ተጀመረ።

መጀመሪያ ሽንብራ ሆነ። አበራሽ ጌሾዋን ጠንስሳ፣ ደፍድፋ፣ ጥዳ አወጣችው፤ የወረደው ነገር የሽሮ ድስት የታጠበበት ውሃ ነበር። ቀጥሎ ተልባ መጣ። ተልባው ሸምበቆው ውስጥ ተለጥፎ ቀረ፤ እስካሁን እዚያው ነው ይባላል። ከዚያ «ቡላ እህል አይደለም፣ ከእንሰት ነው የሚወጣው፤ ማን ያስረዋል?» አልኩና ቡላ አመጣሁ። ቡላው ማሰሮው ውስጥ አብጦ አብጦ ክዳኑን ይዞ ተነሳ፣ በአጥሩ በላይ ተሻገረ፣ ጎረቤት ገባ። ጎረቤቶቹ በቅቤ በሉት።

በየጊዜው ጋሽ ወልደኪዳን መለኪያዋን አጥቦ፣ አድርቆ፣ ፊቱ አስቀምጦ ይጠብቃል። በየጊዜው ያሸታል። «ደህና ነው፤ ግን አረቄ አይደለም» ይልና ወደ ሚሪንዳው ይመለሳል። ከቡላው በኋላ «አሁን አንድ ጊዜ ሞክሩ» አለ። «ያ ካልሆነ ግን ተዉኝ፤ ቤቴ እቀመጣለሁ።» ይሄን ሲል አልተቆጣም። ቢቆጣ ኖሮ ቀልድ ነው ብለን እንተወው ነበር።

ጊዜው የልማት ሠራተኞች ምርጥ ዘር ይዘው ከቀበሌ ቀበሌ የሚዞሩበት ነበር። ፎንቆ ገበያ ላይ ቃሲም ከሚባል ገበሬ ከረጢት ውስጥ እጄን ሰደድኩ፤ የደላላ እጅ እንደ ሐኪም እጅ ነው፣ ዝም ብሎ ይገባል። ያወጣሁት ፍሬ ስንዴ ይመስላል፣ ግን ረዘም ይላል፣ ጠቆር ይላል፣ ቆዳው የተሸበሸበ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው፣ ቃሲም?»

«ልማት ሠራተኛው የሰጠኝ ነው። ስሙ ረጅም ነው፤ እሱ ሲጠራው ይሰማል፣ እኔ ስጠራው ይሰበራል።»

«ስንዴ ነው?»

«ስንዴስ አይደለም።»

ከዚህ በላይ አልጠየቅኩም። ጠያቂ ደላላ እህል ሳይሆን መልስ ነው ይዞ የሚገባው።

ቃሲም የሀዲያ ልጅ ነው፣ ሰላቱን የማያጓድል ሰው። እህሉ አረቄ ቤት እንደሚገባ ቢያውቅ ለወፍ በትኖት ይሄዳል እንጂ አይሰጠኝም። «ለምን ፈለግከው?» ሲለኝ «ለበሽተኛ ነው» አልኩት። «አንድ የተከበረ አስተማሪ አለ። ስንዴ ቢሉት አልሆነም፣ ገብስ ቢሉት አልሆነም፣ በቆሎ ቢሉት አልሆነም። ሰውነቱ አለቀ፤ እኛም ተቸገርን።» እስቲ ከዚህ ውስጥ ውሸቱ የትኛው ነው? ቃሲም አዘነ። ሰፍሮልኝ ሲያበቃ በሁለት እጁ ዝቆ ጨመረልኝ፣ «አላህ ያሽረው» ብሎ።

እህሉ ሆሳዕና ከገባ በኋላ ወሬው ከእኔ እጅ ወጣ። አዲሎ ከተማ ላይ የሚቆም ሾፌር ሁሉ በአበራሽ በር ሲያልፍ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ደረሰ?» ይላል። አንዱ ይሄ እህል በረዶ ላይ የሚበቅል ስለሆነ አረቄው ውሃ ውስጥ መቀዝቀዝ አያሻውም አለ። ሌላው ሁለት መለኪያ የጠጣ ሰው እህሉ የመጣበትን አገር ቋንቋ ይናገራል አለ። ከሺንሺቾ ደግሞ አንድ ነጋዴ፣ ከአሁኑ አንድ ጠርሙስ ያዙልኝ ብሎ ባዶ ጠርሙስ ላከ፤ በቡሽ አሽጎ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ባዶውን።

አበራሽ ብቅሉን ከዚሁ እህል አበቀለች። በቅጠል ሸፍና ስትገልጠው እንደ ሕፃን ጥርስ ነጭ ነጭ ብቅ ብቅ ብሏል። ቂጣውን አሳርራ ጋገረች፣ ሰባብራ ደፈደፈችው። ጋሽ ወልደኪዳን በየቀኑ እየመጣ ጆሮውን የድፍድፉ እንስራ ላይ ይለጥፋል።

«ምን ይላል፣ ጋሼ?»

«ዝም በሉ! ይናገራል።»

ጺሙን ተላጨ። ከናፍታሊን ጋር ተጣጥፎ የኖረ ኮቱን አወጣ። ሚሪንዳውን እንኳ ተወ፤ «አፌን አያጣፍጥብኝ» አለ። አበራሽ ደስታውን ስታይ ጓዳ ገብታ አማተበች። አንድ ጊዜ ወጥታ «ባይሆንስ?» አለችኝ በሹክሹክታ። ምን ልበላት? «ይሆናል» አልኳት።

የሚወጣበት ቀን ደረሰ። በማለዳ ማሰሮው ጓሮ ተጣደ፣ አፉ በጭቃ ተመረገ፣ ሸምበቆው ተሰካ፣ መቀበያው ውሃ በሞላ ገበቴ ውስጥ ተቀመጠ። ተራ አረቄውን አወጣችና መልሳ ጥዳ ዳግም አረቄ አደረገችው። መጀመሪያ የወረደውን በመለኪያ ይዛ መጥታ ጋሽ ወልደኪዳን ፊት አስቀመጠችው። ቤቱ ሙሉ ሰው ነው፤ የሚያስነጥሰው እንኳ ትንፋሹን ይዟል።

አፍንጫው ስር አዞራት። ዓይኑን ጨፈነ። ቆየ።

«አላውቀውም» አለ።

አበራሽ መለኪያዋን ልትወስድ እጇን ዘረጋች።

«አላውቀውም!» አለ ደግሞ፣ አሁን እየሳቀ። «በዕድሜዬ አሽትቼው የማላውቅ ነገር ነው። እንደ ስንዴ ይመጣና ልይዘው ስል እንደ ቅመም ሆኖ ያመልጠኛል። አበራሽ፣ ምንድን ነው ያደረግሽው?»

ወደ ከንፈሩ አስጠጋት።

«አሰላሙ ዐለይኩም። በሽተኛው እዚህ ነው አሉኝ» የሚል ድምፅ በጓሮው በር መጣ።

ቃሲም ነበር፤ ትከሻው ላይ ከረጢት ይዟል። በሀዲያ አገር የታመመ ሰው መኖሩን ሰምቶ ሳይጠይቅ የቀረ ሰው፣ ሰው አይባልም። እህሉ ያልቅበታል ብሎ ተጨማሪ ተሸክሞ፣ ከተማውን «ሆዱ ስንዴና ገብስ የማይቀበል አስተማሪ» እያለ ሲጠይቅ ሰው ሁሉ እየሳቀ ወደዚሁ መራው። የጓሮውን ጭስ ሲያይ ማድ ቤት መስሎት ገባ። ጋሽ ወልደኪዳን መለኪያዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረና በመዳፉ ከደናት።

«ጋሼ፣ ተሻለዎት?»

«ተሻለኝ፣ ወንድሜ። ተቀመጥ።»

«እህሉ ተስማማዎት?»

«በጣም።»

የቃሲም ፊት በራ። «እኔም ይስማማዋል ብያለሁ። ልማት ሠራተኛው ጠንካራ ነው ብሎኛል። አባቱ የውጭ አገር እህል ነው፣ ብርድ አይፈራም። እናቱ ደግሞ ስንዴ ናት። አዳቅለውት ነው።»

የአቤሴሎም እጅ ወደ ጆሮው ሄደ።

«እናቱ ምን ናት?»

«ስንዴ።»

«ስንዴ አይደለም ብለኸኝ አልነበረም እንዴ?» አልኩት።

«እሱማ አይደለም» አለ ቃሲም፣ ነገሩ ግር ብሎት። «እናቱ ናት እንጂ።»

ጋሽ ወልደኪዳን «ከእነዚህም ዘር» አለ ቀስ ብሎ፤ የመምሬን ቃል ነው።

«ቆይ! ቆይ!» አቤሴሎም ተነስቶ ቆመ። «ዘር የሚቆጠረው በማን ነው? ጥያቄው ይሄ ነው። ወንድም ቃሲም፣ በሀዲያ ዘንድ ልጅ የማን ነው?»

«የአባቱ ነዋ።»

«እናቱ ከሌላ ጎሳ ብትሆንስ?»

«እናቶቻችን ሁሉ ከሌላ ጎሳ ናቸው፤ ከራሳችን ጎሳ አናገባም። የእናት ወገን አጎት ነው፤ ይከበራል፣ ይወደዳል። ልጁ ግን የአባቱ ነው።»

«አለቀ!» ጠረጴዛውን በጥፊ መታው። «እህሉ የበቀለው ፎንቆ ነው፤ በበቀለበት አገር ሥርዓት ይዳኛል። የአባቱ ከሆነ ስንዴ አይደለም፣ ግዝቱም አይነካውም። ጋሼ፣ ጠጣ!»

«ምኑን ነው የሚጠጡት?» አለ ቃሲም።

ያኔ ነው ቀና ብሎ ያየው። ጠርሙሶቹን አየ። በጓሮው በር ሸምበቆውን አየ። የጋሽ ወልደኪዳንን መዳፍ አየ። በመጨረሻ እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ፤ የአበራሽ ቤት ጣሪያ ከተሠራ ጀምሮ እንደዚያ ተመርምሮ አያውቅም።

«ለበሽተኛ ነው አላልከኝም?»

«ብያለሁ። በሽተኛውም ይኸው» አልኩት።

ቢሰድበኝ እንዴት ደስ ባለኝ። አልሰደበኝም። ከረጢቱን መሬት አድርጎ ላዩ ላይ ተቀመጠና «ያ አላህ፣ እህሌን» አለ። ቆይቶ ወደ አበራሽ ዞረ። «መልሺልኝ።»

አበራሽ እጇን በቀሚሷ ትጠርጋለች። «ወንድሜ፣ በልጆቼ ይዤሃለሁ፣ እንዲህ ተብሎ እንደመጣ አላወቅኩም። ምኑን ልመልስልህ? ይኸውልህ፣ እየተንጠባጠበ ነው።»

ቃሲም ጠብታውን አየ። አንድ ወደቀ፣ አንድ ወደቀ። የሚመለስ ነገር የለም።

«አቤሴሎም» አለ ጋሽ ወልደኪዳን። «በእኛ ቤት ሰባት ቤት ሲቆጠር በአባትም በእናትም ነው። መምሬም የሚያውቁት እንደዚያ ነው።»

«ጋሼ፣ እሱ ለጋብቻ ነው! አረቄውን ልታገባው ነው እንዴ?»

ሰው ሳቀ። እኔም «አንዱን መለኪያ በሀዲያ ቁጥር ጠጣው፣ ሁለተኛውን ስትደርስበት እናያለን» አልኩ። ጋሽ ወልደኪዳንም ትንሽ ሳቅ አለ፤ መዳፉን ግን ከመለኪያዋ ላይ አላነሳም።

«እናቴ ከምባታ ናት» አለ። «ሺንሺቾ ተወልዳ ሺንሺቾ የተቀበረች።»

ይሄን አናውቅም ነበር። ስሙም አነጋገሩም የመንዝ ነውና ከዚያ የመጣ አድርገን ነበር የያዝነው።

«አባቴ መንዜ ነው። ባለፈው የቀበሌ መታወቂያ ሳሳድስ ልጁ ‹ብሔር?› አለኝ። ሁለቱንም ጻፍ አልኩት። ‹ጋሼ፣ መስመሩ አንድ ነው፤ አባትዎ ምንድን ናቸው?› አለኝ። ነገርኩት። ጻፈ፣ ማኅተም መታበት። አስተምሬው ነበር ያንን ልጅ፤ የእጅ ጽሑፉ ጥሩ ነው። ምን ልበለው? ፎርሙን እሱ አልሠራውም። ተቀብዬ ወጣሁ። እሺ፣ ያኔ ሌላ ሰው ነው የሰረዛት። አሁን ደግሞ እኔው ራሴ ‹እናት አትቆጠርም› ብዬ ልጠጣ?»

ለከሳሽም ለተከሳሽም የሚጽፈው አቤሴሎም ብዕሩን መልሶ ጆሮው ላይ ሰካ።

«ጋሼ፣ እህል እኮ ነው» አልኩ እኔ። «እህል እናቱን አያውቅም።»

«እሱማ ምን ያውቃል።» መዳፉን አነሳና መለኪያዋን በጣቱ ወደ ጠረጴዛው መሐል ገፋ አደረጋት፤ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰም። «ጥሩ ነው የወጣው፣ አበራሽ። ሽታው ብቻ ይበቃል።»

«ሌላ እህል እንፈልጋለን» አለች። «አንተ ብቻ ና። ሚሪንዳ አለ፣ ሻይ አፈላልሃለሁ፣ ምን ቸገረህ? ዝም ብለህ ተቀመጥ።»

«ተይ፣ እህቴ። ደክሞኛል።»

ተነስቶ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ። ቃሲምም ተነሳ፣ ከረጢቱን ተሸከመ። በሩ ላይ ተገናኙ። ጋሽ ወልደኪዳን «ና፣ እስከ መኪናው ልሸኝህ» አለው።

«እኔ ልሸኝዎት እንጂ» አለ ቃሲም። «እርስዎ አይደሉም የታመሙት?»

ከልቡ ይሁን ከንዴቱ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ማን ማንን እንደሚሸኝ እየተከራከሩ ወጡ። እስከ መናኸሪያው ድረስ ድምፃቸው ይሰማን ነበር፣ ከዚያ የመኪና ጥሩምባ ዋጠው።

መለኪያዋ ጠረጴዛው መሐል ቀረች። እሱ አልቀመሳትምና ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ እጅ ወደ እሷ አልተዘረጋም።

«አንተ ቅመሳ» አለኝ አቤሴሎም።

«አንተ ቅመስ።»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«እኔስ?»

አበራሽ ከጓሮ «ጠጡ እንጂ!» ብላ ጮኸች። «ይሄን ሁሉ ምን ላድርገው?» ሰዎቹ አንድ በአንድ «እስቲ ደርሼ ልምጣ» እያሉ ወጡ።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ። አበራሽ ነጠላዋን ተከናንባ ወጣችና እንጨቱን ከማሰሮው ስር ጎትታ አወጣች፤ ፍሙ ግን ገና ቀይ ነው፣ ማሰሮውም ትኩስ ነው፣ ሸምበቆው ማንጠባጠቡን አልተወም። መቀበያው ሞልቶ ገበቴው ውስጥ ይፈስሳል፣ ገበቴውም በዝናብ ሞልቶ ወደ ቦዩ ይፈስሳል። እኔና አቤሴሎም በሩ ላይ ቆመን እናያለን። ሌላ ዕቃ ታመጣ እንደሆነ ብለን ጠበቅናት፤ እሷም ቆማ ታየዋለች።